ሰፊው በር ለማን ተከፈተ?



ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አሜሪካን አገር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር የአንድ ሳምንት የባሕር ጉዞ አድርጋ መመለሷን ሰምቼ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ስለ ባሕሩና ስለ ደሴቶቹ ታወራኛለች ብዬ ስጠብቅ የነገረችኝ ስለ ሁለት በሮች ሆነ። አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ።

አክስቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ልጃቸው ከቤት መዋል ሲያሰለቻቸው አይታ ክሩዝ በሚባለው የመዝናኛ መርከብ ልትወስዳቸው አሰበች። ለተሽከርካሪ ወንበር የተዘጋጀ ክፍል ስትጠይቅ «ሁሉም ተይዟል» ተባለች። የጉዞ ወኪሉም «ተራው ክፍል ያብቃቃችኋል፣ አትጨነቂ» ስላላት እሱኑ ከፈለች።

መርከቡ ላይ ሲደርሱ ወንበሩ በክፍሉ በር አላልፍ አለ። ልጅቷና ባሏ አክስቴን ደግፈው አስገቡ፣ ወንበሩን አጥፈው በመተላለፊያው ላይ አቆሙ። ብዙም ሳይቆይ አስተናጋጁ መጥቶ መተላለፊያው ለአደጋ ጊዜ ባዶ መሆን እንዳለበት በትሕትና ነገራቸውና ወንበሩ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ለመውጣት በፈለጉ ቁጥር ሰው መጥራት፣ መጠበቅ ሆነ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ ከወለሉ ከፍ ያለ ደፍ ነበረው። አክስቴ ያንን ደፍ በሁለት ሰው ድጋፍ እየተሻገሩ ሁለት ጊዜ ከገቡ በኋላ ውኃ መጠጣት ቀነሱ። ምክንያቱን አልተናገሩም። ልጃቸው ግን ገባት።

በሁለተኛው ቀን ማታ ራት ላይ ከአንድ የአገራችን ሙስሊም ቤተሰብ ጋር ተዋወቁ። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር፣ ሁሉም ጤነኞች። «ኑ፣ ክፍላችን ሻይ እንጠጣ» ብለው ጋበዟቸው። የክፍሉ በር ቁልፍ ሲጫኑት በራሱ ተከፈተ። አክስቴ ከነወንበራቸው ሰተት ብለው ገቡ። ወለሉ ላይ ሁለት መስገጃ ጎን ለጎን ተነጥፏል። መታጠቢያ ቤቱ ደፍ የለውም። ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት፣ ከውኃው ሥር ተዘርግቶ የሚታጠፍ መቀመጫ አለ።

«ማሻአላህ፣ ክፍላችሁ ሰፊ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ። አባወራው ደስ ብሎት «ሰፋ ያለ ስፈልግ ነው ያገኘሁት፤ ዋጋው ከሌሎቹ እኩል ነው» አላት። እሷም ዝም አለች።

የዚህን ታሪክ መጨረሻ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን «ያ አባወራ ምን አጠፋ?» ብለን እንጠይቅ። ገንዘቡን ከፍሏል። ክፍሉን ከማንም እጅ አልነጠቀም። ታዲያ ነገሩ ለምን ይከነክነናል?

ክፍሉ ምንድን ነው?

በትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ ያለው ተራ ክፍል ጠባብ ነው። የበሩ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አብዛኛው ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ መርከብ ሠሪዎች ከመቶዎቹ ክፍሎች መካከል ጥቂቶቹን ለይተው ለአካል ጉዳተኞች ያዘጋጃሉ። የነዚህ ክፍሎች በር ቢያንስ ወደ 81 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ወንበሩ ዞሮ እንዲመለስ ወደ 1.5 ሜትር የሚሆን ባዶ ወለል ይተዋል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያለ ደፍ ይሠራል፣ መደገፊያ ብረቶችና መቀመጫ ይደረጉለታል፣ የልብስ መስቀያው ተቀምጦ ለሚደርስበት ሰው ዝቅ ይላል።

ሰፊነቱ ምቾት ተብሎ የተጨመረ አይደለም። ጤነኛ ሰው ያንን ባዶ ወለል ሲያይ ለሻንጣው፣ ለልጆቹ ጨዋታ፣ ለመስገጃው የሚሆን ትርፍ ቦታ ይመስለዋል። በወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ያ ባዶ ወለል እግሩ ነው። ከአልጋው ወደ መታጠቢያ ቤቱ የሚወስደው መንገድ እሱ ብቻ ነው።

ዋጋው ብዙውን ጊዜ በዚያው ደረጃ ካለው ተራ ክፍል ጋር እኩል ነው። ፈተናውም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ዋጋው እኩል፣ ስፋቱ የላቀ፣ ሲጠየቅም «አለ» የሚባል ክፍል ማን ይጠላል?

የምሰሶው ስፍራ

ልጅ ሳለሁ በምማርበት መድረሳ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ምሰሶ ነበር። ደርሱ ረጅም ስለሆነ ሁላችንም ጀርባችንን ወደዚያ ምሰሶ ማስጠጋት እንመኛለን። ይሁንና ስፍራው ወገባቸውን ለሚያማቸው ለአንድ ሽማግሌ እንደተተወ ሁሉም ያውቃል። አንድ ቀን እኔ ቀደም ብዬ ደርሼ ምሰሶውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ዘግይተው ገቡና በሩ አጠገብ፣ ምንም መደገፊያ በሌለበት፣ ቁጭ አሉ። አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ኡስታዛችን አይተውኝ ጠሩኝ። «ቀድሜ መጥቼ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። «ቀድመህ መጥተሃል። ግን አንተ ያለ ምሰሶ መቀመጥ ትችላለህ፣ እሳቸው አይችሉም» አሉኝ። ተነሣሁ።

ዛሬ እኔም መምህር ሆኜ ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። በብዙ ነገር ላይ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ቢወስድ ፍትሕ ነው። ዳቦ ስንገዛ፣ አውቶቡስ ስንሳፈር፣ ተራ ስንይዝ በዚሁ እንዳኛለን። ነገር ግን አንድ ስፍራ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው ተለይቶ ሲቀመጥ የቀደምትነት ሕግ እዚያ ላይ ያበቃል። ጤነኛው ሰው ሰፊውን ክፍል ቢያጣ የሚቀርበት ጥቂት ምቾት ነው። በወንበር የሚሄደው ሰው ቢያጣው የሚቀርበት ጉዞው በሙሉ ነው፤ ወይም እንደ አክስቴ ሄዶ ይጠማል።

ሕጉ ምን ይላል?

ምናልባት ይህ ሁሉ የአደብ ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ሕግም አለው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። አብዛኞቹ ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ግን ከአሜሪካ ወደቦች ቢነሡም የሚያውለበልቡት የሌላ አገር ባንዲራ በመሆኑ ሕጉ ይመለከታቸዋል ወይስ አይመለከታቸውም የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲያከራክር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 ከሂዩስተን ወደብ በኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን መርከቦች የተሳፈሩ አካል ጉዳተኞችና ባልንጀሮቻቸው ክስ መሠረቱ። መርከቦቹ የባሃማስ ባንዲራ ያላቸው ነበሩ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርድ ቤቱ ሕጉ በአሜሪካ ውኃ ላይ ያሉትን የውጭ ባንዲራ መርከቦችም እንደሚመለከት ወሰነ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለ መንገደኛ መርከቦች ደንብ አወጣ። ይህ ደንብ በቀጥታ የኛን ጥያቄ ይነካል። መርከቡ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጁትን ክፍሎች በዚያው ደረጃ ያሉት ሌሎች ክፍሎች ተሽጠው እስኪያልቁ ድረስ እንዲያቆይ ያዝዛል። ክፍሉን ለመያዝ የሚመጣውን ሰው «ይህን የሚያስፈልገው አካል ጉዳተኛ አለን?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ያደርጋል። መልሱንም በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይፈቅዳል። በሐሰት አረጋግጦ ክፍሉን የያዘ ሰው ቢገኝ ድርጅቱ ሳያሳፍረው ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። ያው ደንብ ክፍሉን ለመስጠት የሐኪም ወረቀት ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ማስረጃ መጠየቅን ይከለክላል። ለምን? አካል ጉዳተኛው በሄደበት ሁሉ ሕመሙን በማኅተም እያስመሰከረ እንዳይዋረድ ነው። እንግዲህ ክፍሉን የሚጠብቀው ዘበኛም ቁልፍም አይደለም። የሚጠብቀው የጠያቂው ቃል ነው። ሰዎች ቃላችንን አምነው በሩን ክፍት ተዉልን። በኛ አነጋገር ይህ አማና ይባላል። ይህን እምነት የሚያጎድል እያንዳንዱ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት አምጡ» የሚባልበትን ቀን ያቀርባል። ያ ቀን ሲመጣ የሚንገላታው ደግሞ እሱ ሳይሆን አካል ጉዳተኛው ነው።

የክፍሎቹ ቁጥርም ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የካርኒቫል ኩባንያ ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት በስምምነቱ በታቀፉት መርከቦች ላይ ከመቶ ሦስት ያህሉ ክፍሎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ተስማማ፤ ለተጎዱ ሰዎች ካሣ 350,000 ዶላር፣ ለመንግሥት ደግሞ 55,000 ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማምቷል። ከመቶ ሦስት ማለት 1,500 ክፍል ባለው መርከብ ላይ 45 ክፍል ነው። ከነዚያም ውስጥ ጥቂቶቹ ባሕር የማያሳዩ፣ ጥቂቶቹ መስኮት ያላቸው፣ ጥቂቶቹ ሰገነት ያላቸው ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ ለወንበር ሳይሆን በከዘራና በድጋፍ ለሚራመዱ የተዘጋጁ ናቸው። አንድ ቤተሰብ በአቅሙ የሚከፍልበትን ደረጃ መርጦ ሲፈልግ እጁ ላይ የሚቀሩለት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ ስትያዝ ይታወቃል።

የምናቀርባቸው ምክንያቶች

«ክፍት ነበር፣ ባይፈቀድ ኖሮ አይሸጡልኝም ነበር።» የሻጩ ጥፋት የገዢውን ጥፋት አያጠፋም። ሳይጠይቅ የሸጠ ወኪል ግዴታውን አጓድሏል። እኛ ግን ስለ ራሳችን ነው የምንጠየቀው። የክፍሉን ፕላን ስናይ የወንበር ምልክት ካለበት፣ መግለጫውም የሚነግረን ከሆነ፣ «አላወቅሁም» ማለት አይቻልም። ሳያነብ የፈረመም ፈርሟል።

«ጉዞው ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው ማንም አልያዘውም።» ያልተያዘ ሁሉ የማይፈለግ አይደለም። አካል ጉዳተኛ ቤተሰብ ለመወሰን ብዙ የሚጠይቀው ነገር አለ። የሐኪም ቀጠሮ፣ አብሮ የሚሄድ ረዳት፣ የአውሮፕላኑ ጉዳይ፣ ገንዘቡ። ጤነኛው በአንድ ማታ የሚወስነውን እነሱ በወር ይወስኑታል።

«እናቴ ጉልበቷን ያማታል።» እናትየው በእርግጥ አብራ የምትሄድ ከሆነና ደረጃና ደፍ የሚያስቸግራት ከሆነ ክፍሉ የተሠራው ለሷ ነው። ነገር ግን እናትየው አገር ቤት ተቀምጣ ስሟ ብቻ የሚሳፈር ከሆነ፣ ወይም ክፍሉ በስሟ ተይዞ እሷ ከልጆቹ ጋር በጠባቡ ስትተኛ ልጇ በሰፊው የሚተኛ ከሆነ፣ ይህን ምን ብለን እንደምንጠራው አንባቢ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ወደኛው ምክንያት ልምጣ። «ለሶላት ቦታ ይበቃናል፣ ውዱእም ይቀለናል።» ይህን የምጽፈው ምክንያቱን ንቄው አይደለም። በተራው ክፍል ውስጥ አልጋው፣ ጠረጴዛውና ሻንጣው ወለሉን ይሞሉታል። መታጠቢያው ከፍ ያለ ስለሆነ እግር ለማጠብ ያስቸግራል። ሰፊው ክፍል ግን በእጅ የሚያዝ የውኃ ማፍሰሻና መቀመጫ ስላለው ውዱእ ይመቻል። ፈተናው ለሙስሊም ቤተሰብ እውነተኛ ነው።

ይሁን እንጂ ለአንድ ሰጋጅ የሚያስፈልገው የአንድ መስገጃ ስፋት ነው። ያችን የምታህል ወለል በጠባቡ ክፍል ውስጥም ሻንጣው አልጋ ሥር ሲገባ ትገኛለች። ቤተሰቡ በየተራ ይሰግዳል። በጀማዓ መስገድ ከተፈለገም የእንግዳ መቀበያውን ጠርቶ ባዶ የሆነ የስብሰባ ክፍል መጠየቅ ነውር የለበትም። ለውዱእም ትንሽ ማንቆርቆሪያ ወይም ጠርሙስ ይዞ መሄድ ይበቃል።

በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ኡለማዎች በተቀማ መሬት ላይ ስለተሰገደ ሶላት በሰፊው ተነጋግረዋል። አብዛኞቹ ሶላቱ ይበቃል፣ ሰጋጁ ግን በቦታው ምክንያት ወንጀለኛ ነው ይላሉ። በሐንበሊ መዝሀብ በታወቀው አቋም ደግሞ ሶላቱ ራሱ አይበቃም። ገንዘብ ተከፍሎበት የተያዘ የመርከብ ክፍል የተቀማ መሬት ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ብይን መስጠትም የኔ ድርሻ አይደለም። የምለው ይህን ነው። ዒባዳችንን ስናቃና ያ ቦታ የማን እንደሆነ መጠየቅን ሊቃውንቶቻችን እንደ ቀላል ነገር አላዩትም።

መውሰድ የሚቻለው መቼ ነው?

ሰፊው ክፍል ለጤነኛ ሰው በምንም ጊዜ የተከለከለ ነው አልልም። ከላይ የጠቀስነው ደንብ ራሱ በዚያው ደረጃ ያሉት ሌሎች ክፍሎች ካለቁ ድርጅቱ የቀሩትን ለማንም እንዲሸጥ ይፈቅዳል። መርከቡ ባዶ ክፍል ይዞ መነሣቱ ለማንም አይጠቅምም። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ለጉዞው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጠይቆ፣ «ሌላ የለም፣ የቀረው ይኸው ነው» ከተባለና አካል ጉዳተኛ አለመሆኑን በግልጽ ተናግሮ ከተሰጠው ምንም ነቀፋ የለበትም። እንደዚሁም የክፍሉን ቁጥር ሳይመርጥ የከፈለ ሰው ድርጅቱ ራሱ በሰፊው ክፍል ቢመድበው ክፍሉን የመረጠው እሱ አይደለም።

በሁለቱም ጊዜ ግን ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው እውነቱን መናገር ነው። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ሰው ቢመጣ ያለ ማንጎራጎር ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር መዘጋጀት ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህን የማድረግ መብት በውላቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። ሦስተኛው ክፍሉ እንደ ሕልማችን እንደማይሆን ማወቅ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ስለሌለው ውኃው ወደ ወለሉ ሊፈስ ይችላል፣ መስቀያው ዝቅ ያለ ነው፣ አንዳንዱም ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው የሚሆን አልጋ የለውም።

አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብም ልክ አለው። ለአንድ ሰው አንድ ሰፊ ክፍል ከያዘ የቀሩት በአቅራቢያው ባለ ተራ ክፍል ይደሩ። በከዘራ የሚራመድ ሰው ለድጋፍ የተዘጋጀው ክፍል የሚበቃው ከሆነ ለወንበር የተዘጋጀውን ለባለ ወንበሩ ይተውለት። ጉዞው ከቀረም፣ ወይም ታማሚው መሄድ ካልቻለ፣ ለድርጅቱ ቶሎ ማሳወቅ ይገባል። በዚያች ሰዓት ስልክ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሌላ ቤተሰብ ሊኖር ይችላልና።

ዐይን ዳኛ አይደለም

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከሰፊ በር በእግሩ የወጣን ሰው ሁሉ በክፉ የሚያይ አንባቢ ቢኖር እኔ ነኝ የበደልኩት። የልብ ሕመምተኛ፣ የሳንባ ሕመምተኛ፣ ሰው ሠራሽ እግር በሱሪው ውስጥ ያለው፣ በሆዱ ላይ የተደረገለትን ከረጢት ለመለወጥ ሰፋ ያለ መታጠቢያ ቤት የሚያስፈልገው፣ ዛሬ ተራምዶ ነገ አልጋ ላይ የሚውል፤ እነዚህ ሁሉ ለተመልካች ጤነኛ ይመስላሉ። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደኑ ጋትዊክ የአውሮፕላን ማረፊያ የማይታይ ሕመም ላለባቸው መንገደኞች አረንጓዴ ማንጠልጠያ ላይ ቢጫ የሱፍ አበባ ያለበት ምልክት ማደል የተጀመረው። ምልክቱን የማያንጠለጥል ሕመምተኛም ብዙ ነው።

ስለዚህ በመተላለፊያ ላይ ሰው አቁሞ «ምን ሆነህ ነው?» ማለት የኛ ሥራ አይደለም። ለወንድማችን መልካሙን እንገምት። ክፍሉን አጥቶ በእርግጥ የተቸገረ ሰው ካለ ችግሩን ለመርከቡ ቢሮ ይንገር። ማጣራቱ የነሱ ግዴታ ነው።

ለባለ ጉዳዮቹ

የመጨረሻውን ቃል ክፍሉ ለተሠራላቸው ሰዎች ልተው። ብዙ ሰው፣ በተለይ ከአገር ቤት የሄዱ አረጋውያን፣ «አስቸገርኩ» እንዳይባሉ ጉዳታቸውን ይደብቃሉ። ልጆቻቸውም «እንደምንም እንወጣዋለን» ይላሉ። ይህ ትዕግሥት ቢመስልም በመርከብ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

አስቀድሞ መናገር ይሻላል። የወንበሩን ስፋት በሜትር ለክቶ መናገር፣ በራሱ የሚራመደውን ያህል መናገር፣ መታጠቢያ ቤቱ ደፍ እንዳለውና እንደሌለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ወኪሉ «ያብቃቃችኋል» ቢል የበሩን ስፋት በቁጥር ይንገረን። «ሁሉም ተይዟል» ሲባልም ስምን ማስመዝገብና ደጋግሞ መደወል አይከፋም። ከአውሮፓ ወደብ ለሚሳፈሩ ወገኖቻችን ደግሞ ከታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አለ። በአካል ጉዳት ምክንያት ቦታ መከልከልን፣ ከደኅንነትና ከመርከቡ አሠራር በስተቀር፣ አይፈቅድም። የመኝታውን ጉዳይ ቦታ ሲይዙ፣ ሌላውን እርዳታ ደግሞ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲያሳውቁ ይጠይቃል።

«እኛ ምን አገባን፣ ክሩዝ የመጠጥና የቁማር ስፍራ ነው» የሚል አንባቢም ይኖራል። መርከብ መምረጥ የየቤተሰቡ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከጅዳ እየተነሣ በቀይ ባሕር ላይ መጓዝ የጀመረው አሮያ የተባለው መርከብ አልኮል የማይቀርብበት በመሆኑ የብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችን ዐይን ስቧል። በየትኛውም መርከብ ላይ ግን ጠባብና ሰፊ በር አለ።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። ያን ማታ እንግዶቹ ሻዩን ጠጥተው ሲነሡ የቤቱ ትንሽ ልጅ ቁልፉን ተጭኖ በሩን ከፈተላቸውና አባቱን «አባዬ፣ እማማ ለምን እዚህ አይተኙም? በራችን እኮ ለሳቸው ወንበር ይበቃል» አለው። ማንም አልመለሰለትም።

አባትየው ሌሊቱን በስልኩ ላይ ያለውን የጉዞ ወረቀት ፈልጎ አነበበ። «ከመንገደኞቹ መካከል ይህ ክፍል የሚያስፈልገው አካል ጉዳተኛ አለ» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ጎን የራሱ ምልክት ነበር። ከሱብሒ በኋላ የአክስቴን ጠባብ በር አንኳኳ። «እናቴ፣ አፉ ይበሉኝ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት» አላቸው። አክስቴም «ልጄ፣ አላህ አፉ ይበልህ። ተወው፣ ልጆቹ ለምደውታል» አሉት። እሱ ግን አልተወም። ከአክስቴ ልጅ ባል ጋር ወደ እንግዳ መቀበያው ወርዶ የሆነውን ሁሉ ሳያሳንስ ተናገረ። ሠራተኞቹ ክፍሎቹን አጽድተው ከቀትር በፊት ቁልፎቹን ለዋወጡላቸው። አራት ሌሊት ቀርቷቸው ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳት የአክስቴን ልጅ።

«ከዚያማ፣ እማዬ ያን ቀን ምሳ ላይ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣች» አለችኝ።